አዲሱ መረብና አሮጌው መሣሪያ፤ ከመረጃ ማከማቻ ድራይቨር እስከ ምዕራብ ጎጃም ስልክ

፩. የጥያቄው መነሻ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በእህልና በበርበሬ ገበያቸው የታወቁ ከተሞች ናቸው። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ በኪሱ የሚይዘው ስልክ ብዙ ጊዜ ቁልፉ የሚጫን ተራ ስልክ ነው፤ ከአጠገቡ የቆመው ነጋዴ ደግሞ በጣት የሚነካ ዘመናዊ ስልክ ይይዛል። ሁለቱ ስልኮች በተፈጠሩበት ዘመንም በአሠራራቸውም የተለያዩ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የአንዱ ድምፅ ለሌላው ያለ ችግር ይደርሰዋል። ነገሩ ስለ ተለመደ ማንም አይደነቅበትም። አዲስ መረብ አሮጌውን መሣሪያ ተሸክሞ እንዲኖር የሚያደርገው ግን የሰው ውሳኔና የሰው ድካም ነው፤ ውሳኔውም ታሪክ አለው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ ባጭሩ መመርመር ነው። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፤ አዲስ መረብ ሲዘረጋ የአሮጌውን መሣሪያ አሠራር የመደገፉ ሸክም በማን ላይ ይወድቃል? መልሱን በሁለት ስፍራ እንፈልጋለን። መጀመሪያ፥ ነገሩ ፊደል በፊደል ተጽፎ በሚገኝበት፥ ማለት የመረጃ ማከማቻን ከመረብ ጋር በሚያገናኘው ድራይቨር በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ እናየዋለን። ቀጥሎም በአገራችን የስልክ መረብ እናየዋለን። ከዚህ የምንደርስበት ሐሳብ፥ አሮጌ አሠራር የሚኖረው አስተርጓሚ እስካለው ድረስ ነው የሚል ነው። አስተርጓሚው በመረቡ መካከል ሲቀመጥ ወጪው ለሁሉ ይከፋፈላል፤ ከመካከሉ ሲታጣ ግን ወጪው በዳር ባለው ሰው ላይ ያርፋል።

አሮጌና አዲስ ጎን ለጎን መኖራቸው በአገራችን ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወጣ ጊዜ፥ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቢቀርም ከገጠሩ ገበያ ወዲያው አልጠፋም። ስለዚህ በሁለቱ ገንዘቦች መካከል መንዛሪ ያስፈልግ ነበር። መንዛሪው ባንክ ሲሆን ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ በገበያ ዳር የተቀመጠ ግለሰብ ሲሆን ግን ዋጋውን እንደ ወደደ ሊቆርጠው ይችላል። ከዚህ በታች የምናየው የመሣሪያ ታሪክም በመሠረቱ የመንዛሪ ታሪክ ነው።

፪. ድራይቨርና ሥራው

ኮምፒዩተር ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ዕቃ በቀጥታ አያውቀውም። ዲስክም፥ ማተሚያም፥ የመረብ ካርድም የየራሳቸው የትእዛዝ ሥርዓት አላቸው። በኮምፒዩተሩ ዋና ሥርዓትና በዕቃው መካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚመልሰው ሶፍትዌር ድራይቨር ይባላል። አንድ ዕቃ ደግሞ በዘመናት ውስጥ ከአንድ በላይ የአሠራር ዘዴ ሊኖረው ስለሚችል፥ ድራይቨሩ የቱን ዘዴ እንደሚጠቀም መወሰን አለበት። (በዚህና በሚቀጥለው ክፍል የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀደመውን ምሳሌ ከተራው ዲስክ እንውሰድ። አይ.ዲ.ኢ. የተባለው የዲስክ ማያያዣ በመጀመሪያ የሠራው ፒ.አይ.ኦ. በሚባለው ዘዴ ነበር። በዚህ ዘዴ እያንዳንዷን የመረጃ ቁራጭ ከዲስኩ ተቀብሎ ወደ ማስታወሻው የሚያደርሰው የኮምፒዩተሩ ማዕከላዊ አካል ራሱ ነው። ዜሮ የተባለው የዚህ ዘዴ ደረጃ በሴኮንድ 3.3 ሜጋባይት፥ አራት የተባለው ደረጃ 16.7 ሜጋባይት ያህል ያስተላልፍ ነበር። ኋላም ማዕከላዊውን አካል ከዚህ ድካም የሚያሳርፈው ዲ.ኤም.ኤ. የተባለው ዘዴ እየተሻሻለ ሄዶ በሴኮንድ እስከ 133 ሜጋባይት ደረሰ። ዘዴዎቹ ሲበዙ ድራይቨሩ መጠየቅን ሥራው አደረገ። ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ዲስኩን ማንነቱን ይጠይቀዋል፤ ዲስኩም 512 ባይት በሆነ መልስ ችሎታውን ይዘረዝርለታል፤ ድራይቨሩም ሁለቱ ወገኖች አብረው ከሚችሉት ዘዴ ሁሉ ከፍተኛውን ይመርጣል። አዲሱ ከአሮጌው ጋር የሚኖርበት መሠረታዊ ሥርዓት ይኸው ነው፤ መጠየቅ፥ መልስ መቀበል፥ በጋራው መስማማት።

ማከማቻው ከአንድ ኮምፒዩተር ሆድ ወጥቶ በመረብ ላይ ሲቀመጥ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ብዙ ሰርቨሮችን ከጋራ ማከማቻ ጋር የሚያገናኘው ፋይበር ቻነል የተባለው ደንብ በ1994 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም ጸደቀ። ፍጥነቱ ከ1 ጊጋቢት ተነሥቶ 2፥ 4፥ 8፥ 16፥ 32 እያለ አደገ። በዚህ እድገት ውስጥ የተጠበቀው ልማድ፥ አዲሱ ትውልድ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሁለት ትውልዶች እንዲያስተናግድ ነው። የ8 ጊጋቢት ካርድ ከ4 እና ከ2 ጋር ይነጋገራል፤ ከ1 ጋር ግን አይነጋገርም። የ16ቱ ካርድ 8ትንና 4ትን ያውቃል፤ 2ትን አያውቅም። ይህ ልማድ ለአሮጌው ዕቃ ዕድሜ ሰጥቶታል፤ ነገር ግን ልጅ አባቱንና አያቱን እንጂ ቅድመ አያቱን እንደማያውቅ፥ ዕድሜው ወሰን አለው። ወሰኑ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ግን ዕቃ ገዥው የመለወጫውን ጊዜ ቆጥሮ እንዲዘጋጅ ያስችለዋል።

ድራይቨሩ ይህን ሸክም እንዴት እንደሚሸከም ለማየት፥ ኤሚውሌክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለፋይበር ቻነል ካርዶቹ ያዘጋጀውንና በ2005 ወደ ሊኑክስ ዋና ምንጭ የገባውን ኤል.ፒ.ኤፍ.ሲ. የተባለ ድራይቨር መመልከት ይጠቅማል። ካርዱና ድራይቨሩ የሚነጋገሩበት ደንብ ኤስ.ኤል.አይ. ይባላል፤ እርሱም 2ኛ፥ 3ኛና 4ኛ የሚባሉ ትውልዶች አሉት። ድራይቨሩ ካርዱን ሲያገኝ መጀመሪያ በ3ኛው ደንብ ሊያዋቅረው ይሞክር ነበር፤ የካርዱ ውስጣዊ ሶፍትዌር ይህን አልችልም ካለ፥ ወደ 2ኛው ይመለስ ነበር። የሥርዓቱ አስተዳዳሪም ከፈለገ 2ኛውን ወይም 3ኛውን በራሱ እጅ መምረጥ የሚችልበት መቆጣጠሪያ ተቀምጦለት ነበር።

ነገሩ በቃል ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ግን እንዲህ አይደለም። በ2ኛው ደንብ ድራይቨሩ ለካርዱ የሚሰጠው አንዱ የትእዛዝ ቅጽ 32 ባይት ነው፤ በ3ኛው ደንብ 128 ባይት ነው። ስለዚህ ቅጹ በተሞላ ቁጥር፥ መልሱም በተነበበ ቁጥር፥ ይህ ካርድ ከየትኛው ትውልድ ነው የሚል ጥያቄ በድራይቨሩ ውስጥ ይነሣል። አንድ ካርድ በመረቡ ላይ እንደ ብዙ ካርዶች ሆኖ እንዲታይ የሚያስችለው አገልግሎት በ3ኛው ደንብ ይገኛል፤ በ2ኛው አይገኝም። በ2009 የገባው 4ኛው ደንብ ደግሞ አሠራሩ ከሁለቱም የተለየ ስለ ሆነ ራሱን የቻለ ሌላ መንገድ ጠይቋል። እንግዲህ በአንድ ድራይቨር ስም የሚጠራው ሥራ በውስጡ የብዙ ዘመን ሥራ ነው።

፫. የአሮጌው ዘዴ ዕዳ

ከዚህ በላይ የተባለው አሮጌውን መደገፍ መልካም ነው ወደሚል ፍርድ ሊመራን ይችላል። ይሁን እንጂ የነገሩን ሌላ ወገን ማየት ግድ ነው። አሮጌ ዘዴ በድራይቨር ውስጥ በቆየ ቁጥር፥ አዲስ ለውጥ ሲደረግ እርሱም አብሮ መፈተን አለበት፤ ለመፈተኛ የሚሆነው አሮጌ ካርድ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ይሄዳል። ያልተፈተነ መንገድ ደግሞ አለ ቢባልም ሊታመን አይችልም።

ከዚህም የከፋ አደጋ አለ። በመረብ ላይ የተቀመጠን ፋይል ለመጋራት የሚያገለግለው ኤስ.ኤም.ቢ. የተባለ ደንብ የመጀመሪያ ትርጉሙ በ1980ዎቹ የተዘጋጀ ነው። አዳዲሶቹ ትርጉሞች ከወጡ በኋላም ማይክሮሶፍት አሮጌ ኮምፒዩተሮች እንዳይቸገሩ ብሎ የመጀመሪያውን በየኮምፒዩተሩ ክፍት አድርጎ አቆየው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ክፉ ሶፍትዌር በዚህ አሮጌ በር ገብቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ዘጋ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሥራቸው ታወከ። መጠገኛው ከጥፋቱ በፊት በመጋቢት ወጥቶ ነበር፤ ያልተጠገነው ግን ብዙ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ የዊንዶውስ 10 እትም የመጀመሪያውን ኤስ.ኤም.ቢ. በነባሪነት መጫን ተወ፤ ሳምባ የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም በ2019 እንዲሁ ዘጋው። የሚያስፈልገው አገልጋይ የሌለው አሮጌ በር ለሌባ ብቻ የተከፈተ በር ነው።

አሮጌውን ማሰናበትም ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ2021 የሊኑክስ አዘጋጆች ከላይ የተጠቀሰውን የአይ.ዲ.ኢ. አሮጌ የድራይቨር ክፍል ከ5.14ኛው እትም አወጡት። ነገር ግን ሊብአታ የተባለው አዲስ ክፍል አሮጌዎቹን ዲስኮች ማስተናገድ ከቻለ ብዙ ዓመት ሆኖት ስለ ነበር፥ የወጣው አሮጌው አስተርጓሚ እንጂ አሮጌው ዲስክ አልነበረም። በሌላ በኩል በ2019 የወጣው 8ኛው የሬድ ሃት ሊኑክስ እትም ብዙ አሮጌ የማከማቻ ካርዶችን፥ ከእነርሱም መካከል በኤል.ፒ.ኤፍ.ሲ. ይሠሩ የነበሩትን አንዳንዶቹን፥ ከድጋፉ ዝርዝር አውጥቷል። የእነዚህ ካርዶች ባለቤት ወይ በአሮጌው እትም ላይ መቆየት ወይ አዲስ ካርድ መግዛት አለበት። በመጀመሪያው መንገድ ሸክሙ ከአንድ አስተርጓሚ ወደ ሌላ አስተርጓሚ ተዛወረ፤ በሁለተኛው ግን ከአዘጋጁ ወደ ዕቃው ባለቤት ተዛወረ።

፬. የስልክ መረብ በአገራችን

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ሲቋቋም ስልክ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነበር። በብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች ለረጅም ዘመን ያገለገለው ስልክ ማግኔቶ የሚባለው፥ እጀታው በእጅ የሚዞረው ነው። ደዋዩ እጀታውን ሲያዞር የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ በማዞሪያው ቤት ምልክት ይሰጣል፤ ኦፕሬተሯ ማንን እንደሚፈልግ ትጠይቀውና በገመድ ታገናኘዋለች። ደዋዩ ያለበት ከተማ በማግኔቶ የሚሠራ፥ የሚደወልለት ሰው ያለበት ደግሞ አውቶማቲክ ማዞሪያ ያለው እንደ ሆነ፥ በሁለቱ ዘዴዎች መካከል የምትቆመው እርሷ ነበረች። በዛሬው አነጋገር፥ ድራይቨሯ ኦፕሬተሯ ነበረች ማለት ይቻላል፤ ትጠይቃለች፥ መልስ ትቀበላለች፥ ሁለቱ ወገኖች በሚችሉት መንገድ ታገናኛለች።

ይህ አስተርጓሚ ሰው ስለ ሆነ ብልህ ነበር፤ ነገር ግን በቁጥር ጥቂት፥ በሰዓትም የተወሰነ ነበር። አገልግሎቱም በከተማ እንጂ በገጠር ቀበሌ አልነበረም። ስለዚህ የገጠሩ ሰው ወጪውን በሳንቲም ብቻ ሳይሆን በእግር ጉዞና ወረፋ በመጠበቅ ይከፍል ነበር።

አውቶማቲክ ማዞሪያ በተስፋፋበት ስፍራ ባለ ክብ ቁጥር ስልክ መጣ፤ ክቡ ሲዞርና ሲመለስ መስመሩን እየቆራረጠ ቁጥሩን በምት ያስተላልፋል። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ባለ ቁልፍ ስልክ ወጣ። በዚህ ስልክ እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን ሁለት ድምፆች በአንድነት ይሰማሉ፤ ለምሳሌ 5 ቁጥር 770 እና 1336 ኸርዝ የሆኑ ሁለት ድምፆች አሉት። ማዞሪያው ጥንዱን ሰምቶ የቱ ቁልፍ እንደ ተጫነ ያውቃል። ይህ ትንሽ የሚመስል ፈጠራ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ለኢትዮጵያ ገበሬ የሚያገለግል ሆኖ ተገኘ፤ እንዴት እንደ ሆነ በሚቀጥለው ክፍል እናያለን።

፭. 8028 እና በመካከል የተቀመጠ አስተርጓሚ

ተንቀሳቃሽ ስልክ በኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው ትውልድ፥ 2ጂ የሚባለው፥ በደንቡ መሠረት አንድ ማማ እስከ 35 ኪ.ሜ. ድረስ እንዲያገለግል የሚያስችል ነው። የጎጃም ተራራና ሸለቆ ይህን ርቀት ያሳጥረው እንጂ፥ ቤቱ ከቤት ለተራራቀበት ገጠር ይህ ዘዴ የሚስማማ መሆኑ አያጠራጥርም።

በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028 የተባለውን ነፃ የገበሬዎች የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፅ በመረጠው ቋንቋ ይመልስለታል፤ ስለ ጤፍ፥ ስለ በቆሎ፥ ስለ ስንዴ እንደ ሆነ ይህን ቁጥር ተጫን እያለ ይመራዋል። በቆሎ በብዛት ለሚመረትባቸው ለቡሬና ለጃቢ ጠህናን ወረዳዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መቼ እንደሚዘራ፥ ማዳበሪያው ምን ያህል እንደሆነ ለመስማት ማንበብም ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

የታሪኩ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የእጅ ስልክ ድምፅን አጥብቦና ቀይሮ ስለሚልክ የቁልፎቹ ጥንድ ድምፅ ሊበላሽ ይችላል። በዚህ ምክንያት በ2ጂ ደንብ ስልኩ ድምፁን ራሱ አይልክም፤ ይህ ቁልፍ ተጫነ የሚል አጭር መልእክት ለመረቡ ይልካል፤ በመካከል ያለው ማዞሪያ ግን በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣውን የስልክ ድምፅ በራሱ ሠርቶ ወደሚደወልበት ያስተላልፋል። እንግዲህ ገበሬው 1 ቁጥርን ሲጫን፥ አዲሱ መረብ የአሮጌውን ስልክ ድምፅ ያስመስልለታል። ስልኩ ይህን እንዲያውቅ አይጠየቅም፤ ገበሬውም አይጠየቅም። ሸክሙ በሙሉ በመካከል ባለው መሣሪያ ላይ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም *127# በሚለው አጭር ቁጥር በተራ ስልክ እንዲሠራ መደረጉ የዚሁ አካሄድ ምሳሌ ነው።

የዚህ አካሄድ ጥቅም ችግር ሲመጣ ይበልጥ ይታያል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ኢንተርኔትን ብቻ ተደግፎ የተሠራ አገልግሎት በእንዲህ ያለ ጊዜ ምንም መንገድ የለውም፤ በድምፅና በአጭር ቁጥር የሚሠራው ግን ቢያንስ በዚያ ገመድ አልታሠረም።

፮. አሮጌው መቼ ይሰናበት

በሌላው ዓለም 2ጂን መዝጋት ከተጀመረ ቆይቷል። ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዘጋው። በሚቀጥለው ወር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የአውቶቡሶችን መድረሻ ሰዓት የሚያስታውቀው ሥርዓት በብዙ አውቶቡሶች ላይ ተበላሸ፤ በአውቶቡሶቹ ላይ የተገጠመው መሣሪያ አሁንም 2ጂ ይጠቀም ነበርና። በሀብታም ከተማ እንዲህ ከሆነ በገጠር እንዴት ሊሆን እንደሚችል መገመት ቀላል ነው።

በአገራችን የተወሰደው መንገድ ሌላ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ሲከፍት ምንም የቆየ መሣሪያ አልነበረውም፤ 4ጂን ብቻ መትከል ይችል ነበር። ይሁን እንጂ 2ጂንና 3ጂንም ጨምሮ ተከለ። ምክንያቱ ከሁለት ወገን ነው። በአንድ ወገን የሕዝቡ ስልክ አለ። በሌላው ወገን 4ጂ ከመነሻው ለመረጃ እንጂ ለቀድሞው ዓይነት የድምፅ ጥሪ የተሠራ ስላልሆነ፥ የተለየ ዝግጅት ካልተደረገለት በቀር ዘመናዊው ስልክ ራሱ ሲደወልለት ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። አሮጌው ዘዴ የድሃው ብቻ ነው የሚለው አስተያየት በዚህ ይፈርሳል።

የማከማቻው ጉዳይም ከገጠሩ የራቀ አይደለም። ወረዳ ኔት የተባለው የመንግሥት መረብ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከመካከል ጋር እንዲያገናኝ ተዘርግቷል፤ በቡሬም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ኮምፒዩተር ቢኖር፥ እርሱ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ኤስ.ኤም.ቢ. ብቻ ነው። በመካከል ያለው ሰርቨር ይህን በር ሲዘጋ ትክክል ይሠራል፤ ለጸሐፊው ግን የትናንትናው መዝገብ ዛሬ የለም ማለት ነው። መፍትሔው አደገኛውን በር መልሶ መክፈት አይደለም፤ በሩ ከመዘጋቱ በፊት መዝገቡን ማውጣትና ኮምፒዩተሩን መለወጥ ነው። ይህንንም ማድረግ የሚገባው የዘጋው ወገን ነው።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፥ አሮጌ መሣሪያ በአዲስ መረብ የሚኖረው በመካከላቸው አስተርጓሚ ሲኖር ነው፤ አስተርጓሚው በማግኔቶ ዘመን ሰው ነበረ፥ ዛሬ በድራይቨርና በማዞሪያ ውስጥ የተጻፈ ሶፍትዌር ነው። ሁለተኛ፥ አስተርጓሚ ዋጋ አለው፤ ያልተፈተነና ያልተጠበቀ አሮጌ በርም ለሁሉ አደጋ ይሆናል። ሦስተኛ፥ ስንብት የማይቀር ሲሆን ትልቁ ጉዳይ ጊዜውና ከፋዩ ነው። እንደ ፋይበር ቻነል ልማድ ወሰኑ አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ፥ እንደ አይ.ዲ.ኢ.ም ሌላ አስተርጓሚ ተዘጋጅቶ የቆየ እንደ ሆነ፥ ስንብቱ ማንንም አይጎዳም። ያለዚህ ግን የመካከሉ ቁጠባ የዳሩ ኪሣራ ይሆናል።

ይህ ጥናት የአንድ ትልቅ ሥራ መጀመሪያ ነው። በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉት ቀበሌዎች ምን ዓይነት ስልክና ኮምፒዩተር በሥራ ላይ እንዳለ፥ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፥ ሲበላሽም የት እንደሚጠገን በተማሪዎች እጅ ተቈጥሮ ቢጻፍ፥ ኋላ አንድ አሮጌ ዘዴ ሊዘጋ ሲታሰብ ለወሳኞቹ የሚቀርብ ማስረጃ ይገኛል። በማዞሪያ ቤት የሠሩ አረጋውያን ኦፕሬተሮችም በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ሊመዘገብ ይገባል፤ የአስተርጓሚነትን ሥራ ከሶፍትዌሩ አስቀድሞ የሠሩት እነርሱ ናቸውና።